የቆሰበሩ ሙቅ ክፍል

ከባሕር ዳር የተነሣሁት በ2010 ዓ.ም.፣ በታኅሣሥ ወር፣ የደጋው ብርድ በሚጠናበት ሰሞን ነው። ሥራዬ የሕፃናት ማቆያዎችን እየዞሩ መመርመር ነበር። ቤቱ ለሕፃን የሚሆን ነው ወይ፣ ሞግዚቶቹ የጤና ምርመራ አድርገዋል ወይ፣ መጸዳጃው፣ ሶኬቱ፣ አጥሩ እንዴት ነው እያልኩ አይቼ፣ ፈቃድ ይሰጠው ወይም አይሰጠው ብዬ እፈርማለሁ። በሙያዬ ነርስ ስለሆንኩ በሄድኩበት ሁሉ ሲስተር ይሉኛል፤ መሠረት የሚለውን ስሜን የሚጠራኝ ጥቂት ሰው ነው።

የዚያን ጊዜ መንገዴ ወደ አዊ ዞን፣ ወደ ዳንግላና ወደ እንጅባራ ነበር። ዳንግላ ላይ አንዲት ወጣት አዲስ ማቆያ ከፍታ ፈቃድ ጠይቃለች። የእንጅባራው ጉዳይ ግን ከበድ ይላል። በከተማው የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው አቶ ጌትነት በዚያው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። አንዲት እናት ቢሮው ድረስ መጥታ፣ ማቆያ የምታውላትን ልጇን ማታ ስትወስዳት ዝልፍልፍ ብላ እንደምታገኛት፣ ጡት እንደማትይዝና እንደሚያስመልሳት ነግራዋለች። ሞግዚቷ ልጆቹ እንዳያስቸግሯት የሚያስተኛ ሽሮፕ ታጠጣቸዋለች ብላም ጠርጥራለች።

«እኔ አላምንም» አለኝ ጌትነት። «የእኔም ልጅ እዚያው ነው የሚውለው። ግን ሴትዮዋ ከነገረችኝ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። መጥተው ይዩልኝ።»

ለማንም ሳይናገር እንዲጠብቀኝ ነገርኩት። እኔ ግን ክሱን አምኜው ነበር ማለት ይቻላል። በሌላ ከተማ የሳል ሽሮፕ እያጠጣች ሕፃናት የምታስተኛ ሴት አጋጥማኝ ስለነበር፣ በሐሳቤ የእንጅባራዋን ሞግዚት ሳላያት መልኳን ሥዬ ነበር።

ዳንግላ

ሚኒባሱ መራዊን፣ ወተት ዓባይንና ዱርቤቴን እያለፈ ዳንግላ ሲያደርሰኝ ገና ረፋድ ነበር። ሰብለ የምትባለዋ የማቆያው ባለቤት መናኸሪያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። የቀድሞ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ክፍሎቹ ንጹሕ ናቸው፤ አልጋዎቹ መከታ አላቸው፤ የጡጦ ማፍሊያው ከልጆቹ ክፍል ርቆ ተቀምጧል። ልፈርም ብዕሬን አውጥቼ ሳለ ግቢውን ለመጨረሻ ጊዜ ልዙር ብዬ ወጣሁ።

ከጓሮ አንድ ቆርቆሮ መሬት ላይ ተዘርግቶ ድንጋይ ተጭኖበታል። ምን እንደሆነ ስጠይቅ ሰብለ ቀለል አድርጋ የድሮ የውኃ ጉድጓድ ነው አለችኝ። ድንጋዩን አንሥቼ ቆርቆሮውን በጫማዬ ገፋ ሳደርገው ያለ ምንም ችግር ተንሸራተተ። ከታች ጥቁር ውኃ ያብለጨልጫል። በዚያው ቅጽበት መራመድ የጀመረ አንድ ሕፃን ከበሩ ብቅ ብሎ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ሰብለ ሮጣ አነሣችው፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አላወረደችውም።

ጉድጓዱ ሳይዘጋ ከግቢው እንደማልወጣ ነገርኳት። ያን ቀን የነበሩትን ልጆች ለእናቶቻቸው ደውላ አስወሰደች፤ የብረት ሠራተኛም ተጠራና መቆለፊያ ያለው ክዳን ሲበይድ ዋለ። ማምሻው ላይ ክዳኑ ላይ ቆሜ ሞከርኩት፤ ጊዜያዊ ፈቃዱንም ፈረምኩ። እራቴን ከመናኸሪያው አጠገብ ሽሮ በላሁ። አዳሬም እዚያው ነበር፤ ለአልጋው መቶ ሃያ ብር ከፈልኩ። የዚያ ውኃ ነገር ግን ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ ተኝቼም አልተኛሁ።

ወደ እንጅባራ

በማግስቱ ጠዋት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አዲስ ቅዳምን ካለፍን በኋላ መስኮቱ በትንፋሻችን ጉም ለበሰ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገበሬው ለከሰል ብሎ የተከለው ዛፍ ደን ሆኖ ይታያል። በየመታጠፊያው ጆንያ ሙሉ ከሰል ተደርድሮ አይሱዙ ይጠብቃል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ከሰል ነጋዴ ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ለቆሰበር አዲስ መሆኔን ጠየቁኝ። እንጅባራን ብዙ ሰው ዛሬም በድሮ ስሟ ቆሰበር ይላታል። ብርዱን እንዳልንቀው መከሩኝና በዚህ ወር ከሰል የማይነድበት ቤት እንደማይገኝ አጫወቱኝ። እኔ ስለ ሽሮፕ እያሰብኩ ስለነበር ነገሬ ብዬ አልሰማኋቸውም።

ጌትነት መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር እጁን የሚያፋትግ ሰው ነው። ባለቤቱ አዘና በምትባል ሌላ ከተማ ታስተምራለች፤ ጠዋት ሄዳ ማታ ነው የምትመለሰው። ልጃቸውን በየቀኑ ማቆያው የሚያደርሰው እሱ ነው። በባጃጅ እየሄድን ስለ ሞግዚቷ ነገረኝ። ትርንጎ ይባላሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማቆያውን በራሳቸው ቤት ከፍተው ብዙ ልጅ አሳድገዋል። ፈቃድ የላቸውም፤ ይሁን እንጂ በከተማው ፈቃድ ያለው ሌላ ማቆያ ስላልነበረ ማንም አልጠየቃቸውም።

«ዛሬም ልጅዎን አስገብተውታል?» አልኩት።

«ብቀር ይጠረጥራሉ ብዬ አስገባሁት» አለ።

ትርንጎ ቤት

ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው። የቆርቆሮውን በር ስናንኳኳ የከፈቱልን ትርንጎ ራሳቸው ነበሩ። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ወፍራም ሹራብ የለበሱ ሴት ናቸው። ጌትነት ማንነቴን ሲነግራቸው አልደነገጡም፤ እንዲያውም ፈቃዱን ሊሰጡኝ ነው ብለው ደስ አላቸው። ልጆቹ እንዳይነሡ ቀስ ብለን እንድንገባ ለመኑን።

አራት ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት ሕፃናት ያሉበት ቤት ጩኸት፣ ለቅሶ፣ የሚወድቅ ዕቃ ይሰማበታል። እዚህ ምንም የለም። ጌትነትን አየሁት፤ እሱም አየኝ።

ክፍሉ የኋለኛው ነው። ትርንጎ በሩን ሲገፉት ከሥሩ የተወሸቀ ብርድ ልብስ አብሮ ተጎተተ። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። መስኮቱ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም በወፍራም ላስቲክ ዙሪያውን ተመትቷል። ዘጠኝ ሕፃናት ወለሉ ላይ በተደረደሩ ፍራሾች ተኝተዋል። ሁሉም ተኝተዋል። ረዳታቸው የሆነች ወጣት ግድግዳውን ተደግፋ ግንባሯን ይዛለች።

ትርንጎን በራፉ ላይ አቁሜ መደርደሪያውን መፈተሽ ጀመርኩ። ጡጦዎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ አሸተትኩ። የዱቄት ወተቱን ቆርቆሮ አየሁ፤ ከዳይፐሩ ሥር፣ ከልብሱ መሐል ፈለግሁ። ትርንጎ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ፤ ለልጆቹ መድኃኒት ይሰጡ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኳቸው። እናት ካላመጣች በቀር ምንም አልሰጥም አሉ። ሽሮፕ አላገኘሁም። ጎንበስ ቀና ስል ግን ጭንቅላቴን እንደ መዶሻ ይመታኝ ጀመር። በመጀመሪያ ሌሊት እንቅልፍ ስላጣሁ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ረዳቷን አየኋት፤ ፊቷ ቀልቷል፣ ዓይኖቿ ፈዘዋል። ዞር ስል ጥጉ ላይ ያለውን የከሰል ማንደጃ አየሁ። ፍሙ አመድ ሳይለብስ ይቀላል። ጭስ የለውም።

ሳልጮኽ፣ በሩን እንዲከፍቱና ሁሉንም ልጆች አሁኑኑ ወደ ውጭ እንድናወጣ ተናገርኩ። ትርንጎ ብርድ ይመታቸዋል ብለው ተከራከሩኝ። ላስቲኩን በእጄ ስቀድደው ግን ነገሩ ገባቸው። ጌትነት ቀድሞ ገብቶ በበሩ በኩል የተኛውን ልጁን አቀፈው። እንደ ያዘው ቆሞ ቀረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሌላ ክንዱ ሌላውን ሕፃን አነሣና ሁለቱንም ይዞ ወጣ፤ ተመልሶም መጣ።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ በሚነካው በኩል ጋቢና ብርድ ልብስ ዘረጋን። ቀዝቃዛው አየር ሲነካቸው አንዱ አነጠሰ፤ አንዷ ዓይኗን ከፈተች፤ ከዚያ አንድ በአንድ ማልቀስ ጀመሩ። እንደዚያ ቀን በልጅ ለቅሶ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በየተራ እየዞርኩ ትንፋሻቸውን አዳመጥኩ። ስምንቱ አለቀሱ።

ዘጠነኛዋ አላለቀሰችም። የሁሉ ታናሽ ናት፤ አምስት ወር ቢሆናት ነው። ያነሣኋት ከማንደጃው አጠገብ ነበር። የእግሯን መዳፍ ብነካካው፣ ደረቷን ባሸው፣ ትርንጎ ስሟ ሰላም እንደሆነ ነግረውኝ በስሟ ብጠራት ዝም አለች። ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ ግን እየራቀ ይመጣል። የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቅሁ።

ጌትነት ድምፁ እየተቆራረጠ «የየኔነሽ ናት» አለ። «ቢሮ የመጣችው እናት እሷ ናት።»

ሆስፒታል

ጎረቤቶች ለቅሶውን ሰምተው ግቢውን ሞሉት። ልጆቹን ከክፍሉ አርቀው እንዲይዙልኝ፣ እናቶቻቸውም እንዲጠሩ ለትርንጎ ነግሬ ሰላምን ይዤ ወጣሁ። ጌትነት ባጃጅ አስቆመልኝና እሱ የኔነሽን ፍለጋ ወደ ገበያ ሮጠ።

መንገዱ አጭር ነው። ለእኔ ግን አላልቅ አለኝ። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ መሐል መንገድ ላይ ቆሞብን ባለ ባጃጁ ክላክስ ሲያደርግ ፈረሱ ይብሱን ደነገጠ። የባጃጁን ሸራ ገልጬ የሕፃኗን ፊት ወደ ነፋሱ አዞርኩት። አፍንጫዋ ሥር ጣቴን አድርጌ እያንዳንዱን ትንፋሽ እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜ የቆመ መሰለኝና በአፌ ተነፈስኩላት። ከንፈሯ ደማቅ ቀይ ነበር፤ በከሰል መርዝ ያ መልካም ምልክት እንዳልሆነ ስለማውቅ ይበልጥ ፈራሁ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ለአንዲት ነርስ ሳስረክባት ከሰል ነው አልኳት። ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀችኝም፤ ኦክስጅን ወዳለበት ክፍል ይዛት ገባች። በዚያ አገር በዚያ ወር ለእነሱ አዲስ ነገር አልነበረም።

የኔነሽ ከገበያ ተነሥታ ስትመጣ የድንቹ አፈር እጇ ላይ ነበር፤ ድንች ትሸጣለች። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ዘንገና ሐይቅ በኩል ነው። ልጇ አጠገብ ተንበርክካ በአዊኛ አንድ ነገር ደጋግማ ማለት ጀመረች። ቃሉን አላውቀውም፤ የተኛ ሰው ለመቀስቀስ እንደሚጠሩበት ያለ ድምፅ ነበር። እኔ በአንድ በኩል፣ ጌትነት በበሩ በኩል ቆመን ጠበቅን። ሐኪሙ መጥቶ አየና ሄደ። ተመልሶ መጣ።

የሰላም እጅ መጀመሪያ ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ፊቷ ላይ ያለው የኦክስጅን ጭምብል አስቸገራትና ራሷን አወዛወዘች። ከዚያ አለቀሰች፤ የተቆጣች ሰው ዓይነት፣ የሚያንባርቅ ለቅሶ። የኔነሽ ድምፅ ሳታሰማ እንባዋ ወረደ። ጌትነት ወጥቶ ከውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

እናቶቹ

ወደ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ልጆች ታይተው፣ ረዳቷም ኦክስጅን ተሰጥቷት፣ እናቶቹ የሆስፒታሉን ግቢ ሞሉት። ትርንጎ ከሩቅ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። የኔነሽ ልጇን አቅፋ ስትወጣ አየቻቸውና በሰዎቹ መሐል ሰንጥቃ ሄደች።

«ልጄን ምን አጠጡብኝ?» አለቻቸው።

ትርንጎ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ምንም አላጠጣኋትም» አሉ። «ከሁሉም ትንሽ እሷ ናት። ይበርዳታል ብዬ ከእሳቱ አጠገብ አስተኛኋት።»

መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩና ቀረብኩ። ሽሮፕ ፈልጌ እንዳጣሁ፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታም ጭስም የሌለው መርዝ እንደሚያወጣ፣ መጀመሪያ ራስ ምታትና ትውከት፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ከዚያ ሞት እንደሚያመጣ ነገርኳቸው። አንዷ እናት ልጇ ሰሞኑን ምግብ አልበላ እንዳላት አስታወሰች፤ ሌላዋ ቤት ሲገባ ቶሎ ስለሚተኛላት ደስ ይላት እንደነበር ተናግራ ፊቷን ሸፈነች። ትርንጎ ላስቲኩን የመቱት ብርዱ የጠና ጊዜ፣ በቅርቡ ነው። ራስ ምታቱ እሳቸውም ነበረባቸው፤ ብርድ ይሆናል ብለው ጋቢ ይደርቡ ነበር።

ማቆያውን መዝጋት ግዴታዬ ነበር፤ ዘጋሁትም። ትርንጎ አልተከራከሩኝም፤ የኋለኛውን ክፍል ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። የተከራከሩኝ እናቶቹ ናቸው። ጠዋት ልጆቻቸው ሊሞቱባቸው የነበሩት እነዚያው እናቶች ነገ የት እንደሚያደርጓቸው ጠየቁኝ። አንዷ ቀበሌ ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ከቀረች ሌላ ሰው ይተካባታል። አንዷ ልጇን ልታስቀምጥበት የምትችለው የጎረቤት ቤትም ከሰል እንደሚነድበት ነገረችኝ። ለአለቃዬ ስደውልለት ዘግቼ እንድመለስ አዘዘኝ። ሕጉ ያለው ይኸው ነው። አንድ ቀን ጨምርልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ጨመረልኝ።

ዘንገና

በማግስቱ ጠዋት የኔነሽ ወደ ከተማ ስላልመጣች ሕፃኗን ልይ ብዬ ከጌትነት ጋር ወደ ቤቷ ሄድን። ባጃጁ ዋናው መንገድ ላይ ጥሎን በእግር መንገድ ገባን። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጥቶ ነበር። ሐይቁ በዛፎች ተከቦ ከታች ጸጥ ብሎ ይታያል፤ በቅሎዎች የጫኑትን ይዘው በዳሩ ያልፋሉ።

የኔነሽ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባ ነበር። ሰላም ጡቱን በሁለት እጇ ይዛ ታየኝ ጀመር። ትንፋሿን አዳመጥኩ፤ ደህና ነበር። የኔነሽ ቅቅል ድንች በድልህ አቀረበችልንና ትናንት ትርንጎን በሰው ፊት መጠየቋ እንደከበዳት ነገረችኝ። እኔ ምንም አላጠፋሽም አልኳት፤ እሷ ባትጠረጥር ኖሮ እኔም አልመጣም ነበር። ወደ ማቆያው ልጇን ትመልስ እንደሆነ ግን ስጠይቃት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

ከዚያ ወደ ትርንጎ ቤት ተመልሰን ሁሉንም ክፍል አየሁ። ልጆቹን የኋላው ክፍል ያደረጉት ጠባብ ስለሆነና ቶሎ ስለሚሞቅ ነው። የራሳቸው መኝታ ቤት ግን ከፊት ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፣ ሁለት የሚከፈት መስኮት አለው፣ ወለሉም ጣውላ ነው። ይህን ለልጆቹ ለምን እንዳላደረጉት ስጠይቅ ማንም ነግሮኝ አያውቅም አሉ። በዚያው ሰዓት አልጋቸውን ይጎትቱ ጀመር። ጌትነትና ሁለት አባቶች አግዘው ዕቃውን አዛወሩ። ማንደጃው ወጥቶ ከግቢው ጥግ ካለ ዳስ ሥር ተቀመጠ። እናቶቹ የሱፍ ልብስ ደራርበው ሊያመጡ ተስማሙ። ፈቃዱ እስኪፈረም ድረስ ልጆቹን በየተራ በየቤታቸው፣ በር ከፍተው ለመያዝ ተከፋፈሉ።

ከመውጣቴ በፊት ትርንጎን ለብቻቸው ያዝኳቸው።

«እትዬ፣ አሁን በኋለኛው ክፍል የሚተኙት እርስዎ ነዎት። ማንደጃውን ይዘው እንዳይገቡ።»

«ይበርደኛል እኮ ልጄ» አሉኝ።

«ይበርድዎት።»

እሺ አሉ። ፈቃዱን ግን አልፈረምኩም። ከአንድ ወር በኋላ ተመልሼ ቤቱን እንደማየው ነግሬያቸው ሄድኩ።

ወደ ባሕር ዳር

የመልሱ መንገድ ላይ የመመዘኛ ቅጼን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስለ እሳት ማጥፊያ ይጠይቃል፤ ስለ አጥር ቁመት ይጠይቃል፤ ስለ ሞግዚቶቹ የትምህርት ደረጃ ይጠይቃል። ልጆቹን በምን ታሞቋቸዋላችሁ የሚል ጥያቄ አልነበረውም። የተጻፈው ብርድ በማያውቅ ከተማ ነው። ባሕር ዳር ስገባ ሰዉ በሸሚዝ ይሄዳል፤ እኔ እንጅባራ የለበስኩትን ሹራብ አላወለቅሁም ነበር። በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ያየሁትን ነገርኩት። ቅጹን የመለወጥ ሥልጣን እንደሌለው ገልጾልኝ፣ ለደጋ ከተሞች በእጄ ጨምሬ እንድጠይቅ ግን ፈቀደልኝ።

ከወር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ለምርመራው ቀን እናቶቹ ልጆቹን አምጥተው ስለነበር ትርንጎ ቤት ከመንገዱ ጀምሮ ጩኸት ይሰማ ነበር። የመስኮቶቹ የላይኛው ክፍል ተከፍቶ ፀሐዩ ጣውላው ላይ ተኝቷል፤ ልጆቹ አፍንጫቸው ቀልቶ፣ ኮፍያ አድርገው ይንፏቀቃሉ። ፈረምኩላቸው። ሰላም ያን ቀን አልነበረችም። የኔነሽ ለብዙ ጊዜ ራሷ እያዘለቻት ገበያ ትውል ነበር። ኋላ ጌትነት በስልክ እንደነገረኝ፣ አንድ ጠዋት ራሷ መጥታ ክፍሉን ዞራ አየች፣ የኋለኛውንም በር ከፍታ ተመለከተች፣ ከዚያ ልጇን ለትርንጎ ሰጥታ ሄደች።

ወደ እንጅባራ ስሄድ የምፈልገው ክፉ ሴት ነበር። በዚያ ቤት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕፃናቱ ግን ሊሞቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ አንድ ማቆያ ስገባ፣ ሞግዚቷ ደግ ናት ሲሉኝም ክፉ ናት ሲሉኝም አዳምጣለሁ፤ አዳምጬ ስጨርስ ግን በቀጥታ ሄጄ መስኮቱን በእጄ እሞክረዋለሁ።